ዓይን የሌለው ዋንጫ

ሁለቱ በቅሎዎች ዳገቱን ሲይዙ ጋሪው ወደ ኋላ ሸርተት አለ፤ ሱፍ ነካሪዋም ጥቅሏን በሁለት እጇ አቅፋ ያዘች። ከፊት የተቀመጠው ወታደር ዞር ብሎ አያትና፣ ጥቅሉ ቢወድቅ ወርዶ እንደሚያነሳላት፣ እሷ ብትወድቅ ግን ተጠያቂው እሱ እንደሆነ ነገራት። ሳቀች። ከማለዳ ጀምሮ በረባ ባልረባው ሳቅ ሳቅ ይላት ነበር።

እጇ እስከ ክርኗ ድረስ ሰማያዊ ነው። ጠዋት በአመድ ፈትጋዋለች፣ በኮምጣጤ አሽታዋለች፤ ግን ሠላሳ ዓመት የቀለም ጋን ውስጥ ሲገባ ሲወጣ የኖረ እጅ በአንድ ማለዳ እጥበት አይነጣም። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጣ እጅጌዋን እስከ ጣቶቿ ሳበችው። የገዥው መልእክተኛ በሩን ሲያንኳኳ ያመጣው ቃል አጭር ነበር፤ የሥራ ዕቃዋን ይዛ፣ ከሠራቻቸውም ጥቂት መርጣ እንድትመጣ ተባለች። ጎረቤቷ ገመድ ፈታይዋ ደጃፏ ላይ ወጥታ በድንጋጤ እጇን አፏ ላይ ጭና ስታይ፣ ነካሪዋ ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ «ጥላዬ ነው ያስጠራኝ» አለቻት።

ጥላዬ የባሏ ታናሽ ወንድም ነው። እናቱ ስትሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ነካሪዋም ያኔ ገና አዲስ ሙሽራ ነበረች። የቀሚሷን ጫፍ ይዞ ከጋን ጋን፣ ከምድጃ ምድጃ ስለሚከተላት ይህን ስም አወጣችለት። የራሷ ልጅ አልወለደችም፤ እንደ ወለደችው ልጅ አድርጋ ግን እሱን አሳድጋለች። ጣቱን ቀለም እንዳይነካው ከሥራው አርቃ ፊደል እንዲቆጥር ሰደደችው፤ በሰፈሩ ጥፍሩ ንጹሕ የሆነ ልጅ እሱ ብቻ ነው እየተባለ ይቀለድበት ነበር። አሁን በገዥው ግቢ ጸሐፊ ከሆነ ሁለት ዓመቱ ነው። ቤት ሲመጣ የሸምበቆ ብዕሩንና ብራናውን ከእጁ አይለይም፤ እሷ እየሠራች የምታወራውን ሁሉ ይጽፋል። ምን ያደርግልሃል ስትለው፣ «እትዬ፣ አንቺ ስታልፊ ሙያሽ አብሮሽ እንዳይቀበር ብዬ ነው» ይላታል። ይህን ሲላት ሆዷ ባብቶ የምትይዘውን የምትለቀውን ታጣለች።

ሙያዋን ደግሞ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። እሷና ባሏ ከመጋባታቸው በፊት በአንድ ግድግዳ የሚዋሰኑ ጎረቤታሞች ነበሩ፤ እሱ መዳብ ቀጥቃጭ፣ እሷ ሱፍ ነካሪ። ሲጋቡ ግድግዳውን በር አወጡለት፤ የሁለቱ ሙያ የተጋባው ግን ከዚያ ሦስት ዓመት ዘግይቶ ነው። አንድ ቀን ባሏ ለድሃ ሙሽሮች የሚሠራው የመዳብ አምባር በሳምንቱ እየጠቆረ መመለሱን ሲያማርር ሰማችና፣ እንደ ሱፍ ለምን አትነክረውም አለችው። ሱፍም እኮ ዝም ብለው ቀለም ውስጥ ቢዘፈዝፉት አይዝም። መጀመሪያ ስቡን አጥቦ ማራቆት፣ ቀጥሎ ሸብ አጠጥቶ ቀለሙን የሚነክስበት ጥርስ ማብቀል ያስፈልጋል፤ ወደ ጋኑ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ባሏ ሳምንት ሙሉ ሳቀባት። በስምንተኛው ቀን ሞከረው።

መዳቡን በድኝ ጢስ አጠቆሩት፣ ጥቁሩን ፍቀው አጠቡት። ቅንጣት ወርቅ ባዜቃ በሚባለው ፈሳሽ ብረት ውስጥ አሟሙተው ሲቀቡት እንደ ወተት ነጣ። እሳት ላይ ሲይዙት ባዜቃው በነነና ቢጫው ወጣ፤ በጨውና በሸብ ውሃ ሲያፈሉት ደግሞ ቢጫው ቀላ፣ ደመቀ። ከላይ ቆዳው ወርቅ ነው፣ ከሥር ሥጋው መዳብ። ዘመኑ ተራ ማዕድንን ወርቅ አደርጋለሁ ለሚለው ጥበብ የወጣው አልኬሚ የሚባለው ቃል ገና ከሰው አፍ ያልወጣበት ዘመን ነው፤ በኋላ ሊቃውንት ነን ባዮች በእነዚሁ አራት ቀለሞች ላይ የደረደሩትን ቃል ብትሰማ ነካሪዋ በሳቅ ትፈርስ ነበር። ለእሷ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቢጫ፣ ቀይ ማለት አራት ድስት ማለት ነው፤ አራቱንም የምታጥበው ራሷ ናት።

የመጀመሪያው አምባር ሲያልቅ ባሏ ትንሽ ሞረድ አነሳና ከውስጥ በኩል፣ ገላ የሚነካው ጎን ላይ፣ የማርያም ጣት ጥፍር የምታህል ቦታ ፋቀ። ቀዩ መዳብ ብቅ አለ። «ዓይኑ ይኼ ነው» አላት። «የወሰደ ሰው ምን እንደወሰደ ይይ።» ከዚያ ወዲህ ከዚያ ቤት ዓይን የሌለው ዕቃ ወጥቶ አያውቅም። በከተማው ሰው ወርቅ መሳይ ነገር ሲያይ መጀመሪያ የሚያደርገው ገልብጦ ዓይኑን መፈለግ ሆነ። ዓይን ካለው የነካሪዋ ቤት ነው፤ ከሌለው ወርቅ ነው። ሌባ እንኳ ገልብጦ ሳያይ አይሰርቅም እየተባለ ይሳቅ ነበር። ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነውም ሞረዱ ከእጇ አልተለየም፤ አሁንም ጥቅሏ ውስጥ አለ።

በዚህ ሁሉ ደስታ መካከል ልቧን የሚቆጠቁጣት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከአራት ወር በፊት ጥላዬ መጥቶ ዓይን የሌለው ዋንጫ እንድትሠራለት ለመናት። ለአለቃው የሚሰጠው እጅ መንሻ ነው፤ አለቃውም መዳብ መሆኑን ያውቃል፤ ገበታ ላይ ሲቀመጥ ግን ዓይኑ ያሳፍረኛል አላት። ሁለት ቀን እንቢ አለችው። በሦስተኛው ቀን ኩርፊያውን ማየት አቃታትና እሺ አለች። እግሩን ወፈር አድርጊልኝ፣ ውስጡን እርሳስ ሙይልኝ ሲላትም፣ እንዳይገለበጥ ፈልጎ ነው ብላ ሞላችለት። ያን ቀን ሞረዱን መሳቢያ ውስጥ ከትታ ነበር የሠራችው፤ የባሏን ዕቃ ዓይን ዓይኑን እያየች እንዲያ ያለ ሥራ መሥራት ከብዷት።

ወታደሩ ከጋሪው ሲያወርዳት ይህን ሁሉ ከራሷ አራገፈች። ሰፊ የድንጋይ ደረጃ ወጡ፣ ረጅም መተላለፊያ አለፉ፤ በመጨረሻ መስኮቶቹ ወደ ወንዙ የሚያዩ አዳራሽ ውስጥ ገቡ። ገዥው ከፍ ባለ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ፊቱ ሙሉ፣ ድምፁ ግን ቀጭን የሆነ ሰው ነው። በቀኙ ወርቅ ፈታኙ ጥቁር የመፈተኛ ድንጋዩን በአንገቱ አንጠልጥሎ ቆሟል። የባሏ የልብ ወዳጅ የነበረ ሽማግሌ ነው፤ ሲያያት ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጣት። በግራው ጥላዬ ቆሟል። አዲስ ካባ ደርቧል፤ ካባው ከእሷ ጋን ያልወጣ ሐምራዊ ነው። ፈገግ አለችለት። እሱ ግን ከእሷ በላይ ያለውን የበሩን ጉበን ያይ ነበር።

ገዥው ይህቺ ናት ወይ ብሎ ጠየቀ።

«አዎ ጌታዬ» አለ ጥላዬ። «እሳቱን የምትጠብቅልኝ ሴት ናት።»

ነካሪዋ ዞር ብላ ከኋላዋ ሌላ ሴት ቆማ እንደሆነ አየች። ማንም የለም። ምናልባት በትልቅ ሰው ፊት እንዲህ ነው የሚነገረው ብላ ራሷን አጽናናች። ከዚያ ገዥው፣ ይህቺ ሴትም የምትሠራበትን ትወቅ፣ እስቲ ከመጽሐፉ አንብብላት አለው። ጥላዬ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወፍራም ብራና ገለጠ። ያን ብራና ታውቀዋለች፤ ጠርዙ ላይ ያለውን ሰማያዊ የጣት አሻራ ያሳረፈችው እሷ ናት።

እያነበበ በሄደ ቁጥር ጆሮዋን ማመን አቃታት። መጽሐፉ በረሃ ውስጥ ከፈረሰ ቤተ መቅደስ፣ ከድንጋይ ዓምድ ሥር የተገኘ ነው አለ። የጻፈው ከጥፋት ውሃ በፊት የነበረ ንጉሥ ነው አለ። ንጉሡ እንዳስተማረው፣ ማዕድን ሁሉ በምድር ሆድ ውስጥ እንደ ፅንስ ይኖራል፤ ሁሉም ወርቅ ለመሆን ይጓዛል፤ መዳብ ማለት ያልበሰለ ወርቅ ነው፤ ጥበቡም ምድር በሺህ ዓመት የምታበስለውን እሳት በአንድ ቀን እንዲያበስለው ማድረግ ነው። ድምፁ ያማረ ነበር። በሩ ላይ የቆሙት አጋፋሪዎች ሳይቀሩ ትንፋሻቸውን ውጠው ያዳምጣሉ።

ነካሪዋ ያ ንጉሥ ማን እንደሆነ ታውቃለች። ጥላዬ ሰባት ዓመት ሆኖት፣ ምድጃው አጠገብ እንጨት ላይ ተቀምጦ፣ እትዬ መዳብ ለምን ወርቅ አልሆነም ብሎ ጠይቋት ነበር። እጇ ሥራ ይዞ ስለነበር፣ «ገና ስላልበሰለ ነዋ» አለችው። መቼ ይበስላል ሲላት ሺህ ዓመት ይፈጅበታል፣ አንተ ግን ዝም ካልክልኝ እሳቱ ቶሎ ያበስለዋል አለችው። አፉን ለማስያዝ ያመጣችው ቀልድ ነው። ለባሏ ነግራው ሁለቱም ሲስቁ አምሽተዋል። አሁን ያ ቀልድ ካባ ለብሶ በገዥ ፊት ይነበባል።

ደሟ ፈላ። ቀልዷን ወስዶ ለሞተ ንጉሥ ከሚሰጥ አራቱን ድስት አንስቶ ቢሰብርባት ይሻላት ነበር። ሃያ ዓመት የሠራችውን ሥራ ሰው ሁሉ እያወቀ፣ ያሳደገችው ልጅ በአንድ ገጽ ደመሰሳት። ቢሆንም እንደ ልማዷ ለእሱ ምክንያት ትፈልግለት ጀመር።

ያኔ ነው ገዥው ዋንጫውን ያነሳው። ለታላቁ ንጉሥ ደብዳቤ ልኳል፤ በግዛቴ መዳብ ወርቅ ሆነ ብሎ ጽፏል። ንጉሡም የሚያይለት ሰው ልኳል፤ መልእክተኛው በመንገድ ላይ ነው። ሊቁ ግን፣ አለ ገዥው በአገጩ ወደ ጥላዬ እያመለከተ፣ አንድ ጊዜ ካደረገው ወዲህ እጁ አልሠራለት ብሏል፤ ጥበቡ የለመደ እሳት ጠባቂ ይፈልጋል ስላለ ነው አንቺን ያስጠራሁሽ።

ዋንጫው በመስኮቱ ብርሃን በራ። አፈ ሰፊ፣ እግረ ወፍራም። የሞላችው እርሳስ ለምን እንደሆነ አሁን ገባት። እንዳይገለበጥ አልነበረም፤ በእጅ ሲያዝ እንደ ወርቅ እንዲከብድ ነው። ከመጀመሪያው ቀን፣ ኩርፊያውን ሲያኮርፍም ጭምር፣ ይህን እያሰበ ነበር።

ወርቅ ፈታኙ ግን ነካሪዋን ካየ ጀምሮ ፊቱ ልክ አልነበረም። አንዴ እሷን አንዴ ዋንጫውን ሲያይ ቆየና፣ ፈቃድ ጠይቆ ወደ እሷ ዞረ።

«እህቴ፣ ይህ ዋንጫ ካንቺ ቤት ነው የወጣው?»

ሽማግሌው ለምን እንደጠየቃት ነካሪዋ ገባት። ዋንጫው ሲመጣለት ገልብጦ ዓይን ፈልጓል። አጣ። የነካሪዋ ቤት ዕቃ ዓይን ሳይኖረው አይወጣም፤ ስለዚህ ጥልቅ አድርጎ መቁረጥ አላስፈለገውም፤ ድንጋዩ ላይ ላዩን አሸት አድርጎ ወርቅ ነው ብሎ ማኅተሙን መታ። የተታለለው በድንጋዩ አይደለም፣ እሷን በማመኑ ነው።

ጥላዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አያት። ፊቱ ላይ ላብ አለ። በዚያ አገር ሐሰተኛ ወርቅ ለገዥ ያቀረበ ሰው ቀኝ እጁ ይቆረጣል። አዎ ከእኔ ቤት ነው ካለች ያቺ ጥፍሯ ንጹሕ የሆነች እጅ ትቆረጣለች። አይደለም ካለች ደግሞ ውሸቱ የእሷም ይሆናል። በልጅነቱ ትኩሳት ሲይዘው ያቺን እጅ በውሃ እየነከረች ያሳለፈቻቸው ሌሊቶች ትዝ አሏት። ዝም አለች፤ ዝም ያለችው ለእሱ ስትል ነው።

እሱ ግን ዝምታዋን ቀድሞ ተጠቀመበት።

«ጌታዬ፣ ልሸሽገው ፈልጌ ነበር፤ የወንድሜ ሚስት ናትና አዘንኩላት» አለ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። «ከእንግዲህ ግን ልሸሽገው አልችልም። ይህቺ ሴት ይህን ጥበብ ሃያ ዓመት ሙሉ ታውቀዋለች። ወንድሜ ዓምዱን ሲያገኝ አብራው ነበረች። ወርቅ ሲሠሩ ኖረዋል፤ የመንግሥት ዓይን እንዳያርፍበት ከሥር ትንሽ መዳብ ሳያበስሉ ይተዋሉ። ሕዝቡ ዓይን የሚለው እሱን ነው። ሰውን ለማታለል ያደረጉት ነው፤ ወርቁን መዳብ ለማስመሰል።»

ነካሪዋ አፍጥጣ አየችው። ዓይኑን በጨው አጥቦ የሚናገረው ይህ ሰው በጀርባዋ ያዘለችው ልጅ ነው። እሷን መካዱን ምናልባት ትችለው ነበር። የሞተ ወንድሙን፣ የአባት ያህል ያሳደገውን ሰው፣ ቅንነቱን ገልብጦ ሌባ አደረገው። ባሏ በሞረድ የፋቃት እያንዳንዷ ዓይን በአንድ ቃል ወንጀል ሆነች።

ገዥው ወደ ፊት ጎንበስ አለ። «ሃያ ዓመት ደበቅሽን?» አላት። ቁጣው ውስጥ ደስታ ነበር፤ ይህ ነገር ይበልጥ ተስማምቶታል።

«ጌታዬ» አለች ነካሪዋ፤ ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ጠንክሮ ወጣ። «ዋንጫው የእኔ ሥራ ነው። ዓይኑን የተውኩት ይኸው ልጅ ለምኖኝ ነው። ጥፋቴን አልክድም። ግን መዳብ ነው። ትናንትም መዳብ ነበር፤ ነገም መዳብ ነው። እኔ መዳብ እነክራለሁ እንጂ ወርቅ አልወልድም። ይፍቀዱልኝና ላሳይዎት።»

ገዥው ዋንጫውን ለመስጠት ትንሽ አመነታ፤ ከዚያ በጣቱ ገፋ አደረገላት። ነካሪዋ ጥቅሏን ፈትታ ሞረዱን አወጣች። እጅጌዋን ሰበሰበች፤ ሰማያዊ እጇ ወጣ፤ ከእንግዲህ ምን ትደብቃለች? ዋንጫውን ደረቷ ላይ አስደግፋ ሆዱን ፋቀች። ሞረዱ በአዳራሹ ውስጥ ጮኸ። ወርቃማ ዱቄት ቀሚሷ ላይ ረገፈ፤ ከሥሩ ቀዩ ወጣ። አንድ ጥፍር፣ ሁለት ጥፍር፣ መዳፍ የሚያህል ቦታ ፋቀች። በእልህ ፋቀች። ከዚያ ዋንጫውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ቀዩን ጎን ወደ ገዥው አዞረችው።

ማንም ሳይነገረው መዳብ መሆኑ ይታያል። ከአጋፋሪዎቹ አንዱ ሳያስበው ፉጨት አወጣና አፉን ያዘ። ገዥው ዋንጫውን አየ፤ ከዚያ በመስኮት ወደ መንገዱ አየ፤ የንጉሡ መልእክተኛ በዚያ መንገድ ነው የሚመጣው።

በዚህች ቅጽበት የጥላዬ ነገር አልቆለት ነበር። ጥላዬ ግን ወደ ጠረጴዛው ተጠጋና ዋንጫውን በሁለት እጁ አነሳው። ቀዩን ቦታ በአውራ ጣቱ ዳበሰ። ሲናገር ቀስ ብሎ፣ እንደሚያዝን ሰው ነበር።

«መለሰችው» አለ። «አዩት ጌታዬ? ወርቁን ወደ መዳብ መለሰችው። እኔ በመጽሐፍ ብቻ የማውቀውን በእጇ አደረገችው። መመለስ የምትችል ሴት ማድረግ አያቅታትም።»

ነካሪዋ ሳቀች። የእውነት ሳቅ ነው የመጣባት፤ እንዲህ ያለ ነገር ሰው ያምናል ብላ አላሰበችም። ከዚያ የገዥውን ፊት አየችና ሳቋ አፏ ላይ ደረቀ። ገዥው መውጫ መንገድ ያገኘ ሰው ይመስል ነበር። ለንጉሡ የጻፈው ደብዳቤ አሁንም እውነት ሊሆን ይችላል።

ገዥው ወደ ወርቅ ፈታኙ ዞረ። «አንተ ስትፈትነው ምን ነበር? ማኅተምህ አለበት።»

ነካሪዋ የሽማግሌውን ዓይን ፈለገች። ይህ ሰው ባሏ ሲሞት ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ነው። የዕቃው ዓይን ምን ማለት እንደሆነ በዚያ አዳራሽ ውስጥ የእሷን ያህል የሚያውቅ ሰው ቢኖር እሱ ነው። መዳብ ነበር ካለ ሐሰተኛ ማኅተም የመታው እጁ ይቆረጣል። ሰባ ዓመቱ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ዓይኗ የጠፋ ሚስት አለችው። ነካሪዋ ይህን ሁሉ ታውቃለች፤ አውቃም ጠበቀችው። አንድ ቃል ብቻ ነው የምትፈልገው።

«በፈተንኩት ጊዜ ወርቅ ነበር፣ ጌታዬ» አለ ወርቅ ፈታኙ፤ ጫማውን እያየ።

ከዚያ በኋላ የተነገረውን ነካሪዋ በከፊል ብቻ ነው የሰማችው። ቤቷ ታሽጎ ይጠበቃል ተባለ። እሷ የንጉሡ መልእክተኛ እስኪመጣ፣ ከዚያም በኋላ ገዥው በቃሽ እስኪላት ድረስ፣ ከግቢው አትወጣም። በጋጣው ጀርባ ምድጃና ወናፍ ያለው ክፍል ይሰጣታል፤ የተናገረችውን ሁሉ ሊቁ ይጽፋል። ወርቅ ፈታኙ አጠገቧ ሲያልፍ ከንፈሩን አነቃነቀ። ምን እንዳለ አልሰማችውም፤ ድገመው አላለችውም።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ የበቅሎ ላብና የከሰል ሽታ አለው። የሥራ ዕቃው ግን ከራሷ ዕቃ የተሻለ ነበር። ማቅለጫው አዲስ ሸክላ ነው፣ ጉጠቱ ያልዛገ፣ ወናፉ ያልተጣፈ ቆዳ። ጥግ ላይ የመዳብ ሳህን፣ ጽዋ፣ መቅረዝ፣ ከየቤቱ የተሰበሰበ ዕቃ ሁሉ እስከ ጣሪያው ተከምሯል፤ አንዳንዱን የሠራው ባሏ ነው። ለመንከር የሚሆን ቅንጣት ወርቅ ግን በክፍሉ ውስጥ የለም። መዳቡ ራሱ ወርቅ ይሆናል ከተባለ ወርቅ ምን ያደርግላታል? ነካሪዋ አንድ ሳህን አነሳች፣ አየችው፣ መልሳ አስቀመጠችው።

ከሰዓት በኋላ ጥላዬ ብራናውንና የቀለም ቀንዱን ይዞ መጣ። በሩን ከውስጥ ዘጋ፤ ካባውን አወለቀና ዱሮ ምድጃው አጠገብ እንደሚቀመጠው ዝቅ ያለ እንጨት ላይ ተቀመጠ። ብቻቸውን ሲሆኑ ፊቱ ተለወጠ፤ የደከመ፣ ያላሰበበት ቦታ የደረሰ ሰው ፊት ሆነ።

«እትዬ፣ ሌላ መንገድ አልነበረኝም» አላት። «መጀመሪያ እንዲህ አላሰብኩም። ዋንጫውን አሳይቼ ሞገስ ባገኝ ብዬ ነው። ከዚያ ነገሩ ከእጄ ወጣ። እዚህ ግን ይመችሻል፤ የጎደለውን ሁሉ አስመጣልሻለሁ።»

«ወንድምህን ሌባ አደረግከው» አለችው።

ጥላዬ የብዕሩን ጫፍ በቢላ ይቀርጽ ጀመር። ነካሪዋ ብዙ ልትለው ያዘጋጀችው ነገር ነበር። ጡት አላጠባሁህም እንጂ ምን ያላደረግኩልህ አለ፣ ብላ ልትጀምር ነበር። ፊቱን ስታይ ግን ያ ሁሉ ጠፋባት፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረ።

«እሺ፣ እንደው በሞቴ ንገረኝ። አንተ ታምንበታለህ? መዳብ ወርቅ ይሆናል ብለህ?»

ጥላዬ ብዕሩን ተወ። «አንቺ ነሽ እኮ የነገርሽኝ» አላት።

«ቀልዴን ነበር። የሰባት ዓመት ልጅ ነበርክ።»

«ቀልድሽን መሆኑን አልነገርሽኝም።»

እንዲህ ሲል ዓይኑን ከዓይኗ አልነቀለም። ነካሪዋ አተኩራ አየችው። ይህን ልጅ ሲዋሽ ታውቀው ነበር፤ ማር ሰርቆ በልቶ አልበላሁም ሲል የግራ ቅንድቡ ይነሳ ነበር። አሁን ቅንድቡ አልተነሳም። ወይ ውሸቱን አሳምሮ ተምሯል፣ ወይ የተናገረውን አምኖታል። የትኛው እንደሆነ መለየት አለመቻሏ፣ ከሰማችው ክህደት ሁሉ ይልቅ አንጀቷን ቆረጠው። ያሳደገችው ልጅ ፊቷ ተቀምጦ ሳለ ጠፍቶባታል።

ውጭ በቅሎዎቹ ያናፋሉ። ወታደሩ ከበሩ ወዲያ ሲሳል ይሰማል። ጥላዬ ብራናውን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ፤ ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነክሮ ጠርዙ ላይ ጠረገ።

«በይ እትዬ» አላት ለስለስ አድርጎ። «ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ። አንቺ እንደምትይው ነው የምጽፈው፤ አንድ ቃል አልለውጥም።»

ነካሪዋ ከክምሩ አጠገብ ቆማ አሰበች። ይህ መጽሐፍ ከእሷ በኋላ ይኖራል። ገዥውም ያልፋል፣ ንጉሡም ያልፋል፤ ብራናው ግን ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፤ አንድ ቀን ቅን ሰው እጅ ይገባ ይሆናል። እውነቱ በዚያ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቢጻፍላት ይበቃታል። ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ቃሉን እየለየች፣ ቀስ ብላ ነገረችው።

«ይህ መዳብ ነው።»

ጥላዬ ራሱን ነቀነቀና መጻፍ ጀመረ። ነካሪዋ አንዲት ፊደል እንኳ ማንበብ አትችልም፤ የተናገረችው ሦስት ቃል ብቻ መሆኑን ግን ታውቃለች። ብዕሩ ከዳር እስከ ዳር ሄደ፣ ተመለሰ፣ ሌላ መስመር ያዘ፣ ሌላም ያዘ። ገጹ ሞልቶ የብራናውን ቅጠል እስኪገለብጥ ድረስ ቆማ አየችው።